ምላጩን ማን ይያዝ? የዓይን ሕክምና ሥልጠና ከምኒልክ ሆስፒታል እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ

የኢትዮጵያ የዓይን ሕክምና ታሪክ ሲነገር ማዕከሉ አብዛኛውን ጊዜ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከሲግናል ሰፈር ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ አገራችን የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሕክምና ጀመረ፤ እሱ ከሄደ በኋላ በ1910 የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል በሂደት የዓይን ሕክምና ዋና ቤት ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። በ2003 የተመሠረተው የዓይን ባንክም መቀመጫው እዚሁ ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን የሆስፒታሉ ታሪካዊ ዋጋ ባስመረቃቸው ስፔሻሊስቶች ቁጥር ብቻ ሊለካ አይገባም የሚል ነው። የአገሪቱን የዓይን ሕክምና በጫንቃቸው የተሸከሙት በብዛት መካከለኛ ባለሙያዎች ናቸው፤ የስፔሻሊስት ትምህርት ቤቱ ትልቁ ሥራም እነሱን ማስተማር፣ መከታተልና ሥራቸውን በምርምር መፈተን ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የዓይነ ስውርነትንና የትራኮማን ስፋት ማየት ይበቃል። በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያስከተለው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲሆን፣ 11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ በብሌን ላይ ያሳረፈው ጠባሳ ነበር። አብዛኛው፣ 87.4 በመቶው፣ መከላከል ወይም ማዳን የሚቻል ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40.1 በመቶዎቹ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ይኸው ቁጥር 62.6 በመቶ ደርሷል። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን የሚፍቀው አዋቂዎች በመላ አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይገመቱ ነበር፤ አብዛኞቹም ከአስፋልት ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎችና እናቶች ናቸው። ስፔሻሊስቱ ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ነው።

የስፔሻሊስቱ አርአያ ከየት እንደመጣም ማስታወስ ይጠቅማል። ለንደን ላይ በ1805 የዓይን ሆስፒታል ሲከፈት አንዱ ገፊ ምክንያት ከግብፅ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች ይዘውት የመጡት የዓይን በሽታ ነበር፤ ከበሽታው ብዙው ትራኮማ እንደነበር ይታመናል። በ1812 በቪየና የዓይን ሕክምና ለብቻው የዩኒቨርሲቲ መምህር ተመደበለት። በ1851 ሳይንቲስቱ ሄልምሆልዝ የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ አስተዋወቀ። በከተማ ሆስፒታል ውስጥ በስፔሻሊስት እጅ የሚሰጥ ሕክምና እንዲህ ተወለደ። አውሮፓ ውስጥ ትራኮማ በአብዛኛው የጠፋው ግን ኑሮና ንጽሕና ስለተሻሻለ ነው፤ ሐኪሞች ስለበዙ አልነበረም። እኛ ሆስፒታሉን ስንወርስ በሽታው ገና ገጠሩን ይዞት ነበር።

ለዚህ ችግር አገር በቀሉ መልስ የተፈለገው ሌላ ቦታ ነው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጽዳት ባለሙያዎችን በአንድ ላይ አሠለጠነ፤ ሐኪም እስኪበዛ ሕዝቡ አይጠብቅም የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ጀምሮ በአገራችን ሥር ሰደደ። በዓይን ሕክምናም ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራ ነርስ የተቀለበሰን የዓይን ቆብ በቀዶ ሕክምና እንዲያቀና ሠለጠነ። እርምጃው ብዙዎችን አሳስቦ ስለነበር መፈተን ነበረበት፤ ተፈተነም። ወንዱ ዓለማየሁና የሥራ ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ታካሚዎችን በዕጣ ከፍለው ከፊሉን በስፔሻሊስት፣ ከፊሉን «የተቀናጀ የዓይን ሕክምና ሠራተኛ» በሚባለው መካከለኛ ባለሙያ አስቀደዱ። የሽፋሽፍቱ ተመልሶ መቀልበስ በሁለቱ ወገን የጎላ ልዩነት አላሳየም። ከዚህ መጣጥፍ ማስረጃዎች ሁሉ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ጥያቄውን ያነሡትም፣ ምላጩን ለነርሷ ያቀበሉትም ራሳቸው ሐኪሞች ነበሩና።

ሥልጠናው ከጤና ጣቢያም አልፎ ወደ ቤት ሊወርድ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ሙከራ አለ። በገጠሩ የገባን ሽፋሽፍት በወረንጦ መንቀል የቆየ ልማድ ነው፤ ለረጅም ጊዜም እንደ ኋላ ቀርነት ሲታይ ኖሯል። ሳውል ራጃክ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር በአማራ ክልል 1300 ሰዎችን አሳትፎ በ2011 ባወጣው ጥናት፣ ቀላል የሽፋሽፍት መቀልበስ ካለባቸው ገሚሶቹ ቀዶ ሕክምና አገኙ፤ ለቀሩት ጥራት ያለው ወረንጦ ተሰጥቶ በቅርብ አጥርቶ የሚያይ ረዳት ሠለጠነላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕክምናው ያልሠራላቸው በቀዶ ሕክምናው 2.2፣ በወረንጦው 13.2 በመቶ ሆኑ። ቀዶ ሕክምናው መሻሉ ግልጽ ነው። ነገር ግን በማየት ችሎታም ሆነ በብሌን ጠባሳ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ የተናቀው ልማድ ትክክለኛ መሣሪያና ሥልጠና ሲያገኝ፣ ቀዶ ሕክምና ለማይደርሰው ወይም ለማይፈልገው ሰው ቦታ አለው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የፍትሕ ነው፦ ለከተማው ሐብታም ስፔሻሊስት፣ ለገጠሩ ድኻ የጥቂት ሳምንት ሠልጣኝ መመደብ ድኻውን ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ አያደርገውም ወይ? ጥያቄው በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽፋሽፍቱ እንደገና የገባባቸው ሰዎች ብዙ ናቸውና። ይሁንና ማስረጃው ጥፋቱን የሚያሳየው በሠራተኛው ማዕረግ ላይ አይደለም። ኢስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት፣ 1000 ታካሚዎችን ባሳተፈው ጥናት፣ ሁለት የቆብ ቀዶ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ ከአንድ ዓመት በኋላ በአንዱ 13 በመቶው፣ በሌላው 22 በመቶው ዳግም ተቀልብሶ ተገኝቷል። ልዩነቱን የፈጠረው የአሠራሩ ዘዴ ነው። ዘዴ ደግሞ ይማራል፣ ይታረማል፤ የሚያርም ሰው ካለ። አደጋው ያለው ሠራተኛው አንዴ ሠልጥኖ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት፣ ከዚያ ብቻውን ሲተው ነው።

ሌላው ተቃውሞ የሞራ ግርዶሹን ይመለከታል። ቆብ ማቅናት አንድ ነገር ነው፣ ዓይንን ከፍቶ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መትከል ግን ሌላ። ይህ እውነት ነው፤ የዓይን ባንኩ የሚያስገኘውን ብሌን መትከልም ሆነ የሕፃናት ዓይን ቀዶ ሕክምና የስፔሻሊስት ሥራ ነው፣ እንደሆነም መቀጠል አለበት። ሆኖም ለሞራ ግርዶሽ ብቻ የሚሠለጥኑ ሐኪም ያልሆኑ ቀዶ ሠራተኞች በአገራችን በሥራ ላይ ናቸው፤ የውስብስብ ጉዳዮች መላኪያ የሚሆን ስፔሻሊስት በቅርብ እስካላቸው ድረስ ይህን ለማስቆም በቂ ምክንያት አይታየኝም። ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና የፊት ንጽሕና ከሌለ ቀዶ ሕክምና ማለቂያ የለውም ለሚሉትም መልሱ ከዚሁ ይመነጫል፤ በጤና ጣቢያው ያለው መካከለኛ ባለሙያ ቆብ ከማቅናቱ በተጨማሪ ስለ ንጽሕና የሚያስተምርና ለትራኮማ መድኃኒቱ ለአዚትሮማይሲን እደላ የሚሰማራ ሰው ነው፤ በከተማ ያለ ስፔሻሊስት ይህን ሊተካ አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው በሬዚደንቶች (ለስፔሻሊስትነት በሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ሥልጠና ላይ የሚታይ ለውጥ ነው። ሬዚደንቱ ከሚመዘንባቸው ነገሮች መካከል ከሠራቸው ቀዶ ሕክምናዎች ቁጥር ጎን ለጎን፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ተቀምጦ ያረማቸው ሠራተኞች ሥራ ሊቆጠር ይገባል፦ ያቀኗቸው ቆቦች ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ በምን ሁኔታ ላይ እንደተገኙ በመዝገብ ተይዞ፣ መዝገቡም በምኒልክ ሆስፒታል መምህራን ፊት እንደ ማንኛውም የሕክምና ውጤት ቀርቦ ክርክር ሊደረግበት ይገባል።