ካሜራና ብሩሽ፤ የሪቻርድ ኤስቲስ የኒውዮርክ ጎዳናዎች

አሜሪካዊው ሠዓሊ ሪቻርድ ኤስቲስ (በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለደ) ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የኒውዮርክን ጎዳናዎችና የሱቅ መስተዋቶች ከፎቶግራፍ እያየ በዘይት ቀለም ሥሏል። ስለዚህ ሥዕሎቹን እንደ ታሪክ ማስረጃ አድርገን ልንቀበላቸው ይቃጣናል።

ይሁን እንጂ አሠራሩን ስንመረምር ጥንቃቄ የሚያሻው ሆኖ እናገኘዋለን። ካሜራ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ያለውን ዕቃ አጥርቶ ሲያነሣ፣ በመስተዋቱ ላይ ያረፈው የጎዳና ነጸብራቅ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል፤ ኤስቲስ ግን ልዩ ልዩ ፎቶግራፎችን አስተባብሮ ሁለቱንም እኩል አጥርቶ ያሳያል። የመንገድ ጥራጊና የሰው ግርግርም በብዙዎቹ ሥዕሎቹ እምብዛም አይታይም።

በ1976 እ.ኤ.አ. በሣለው «ድርብ የራስ ምስል» ደግሞ ሠዓሊው ራሱ ከነካሜራው በምግብ ቤት መስተዋት ላይ ይታያል፤ ከሥዕሉ በስተጀርባ መራጭ እንዳለም ይመሰክራል። እንግዲህ የታሪክ ተማሪ በሥዕሉ የገባውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ይጠይቅ።