የሽማግሌው ተራ

በውጭ አገር በሚገኙ ብዙ የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች አንድ ልዩ የሥራ መደብ አለ። የዚህ ሠራተኛ ተግባር ሽማግሎችንና ባልቴቶችን ከየክፍላቸው እየጠራ ወደ ጋራ ጨዋታ፥ ወደ ዝማሬና ወደ እጅ ሥራ ማውጣት ነው። አንድ የጎጃም ሽማግሌ ይህን ቢሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው፥ «ለመሆኑ ሳይጠሩት ስለ ምን አልመጣም?» ብሎ ይመስለኛል። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ታሪክን የሚያስመረምር ነው። በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ሽማግሌ ወደ ጉባኤ ይመጣ የነበረው ምን ስቦት እንደ ሆነ ሳይታወቅ፥ ዛሬ ከቤቱ ጥግ የሚቀርበት ምክንያት ሊታወቅ አይችልምና።

ከሁሉ አስቀድሞ ርስትን እናንሣ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በጎጃም ባላገር ዘንድ መሬት በአብዛኛው የሚገኘው በትውልድ ነበር። አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ካስረዳ፥ ከዚያ አባት መሬት ድርሻ ለመጠየቅ መብት ነበረው። ማስረጃውም የሚገኘው በሽማግሎች ልብ ውስጥ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌም ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ከሦስቱ ታላቂቱ ሴት ናት፤ የእርስዋም ድርሻ ከወንዙ እስከ ወይራው ይደርሳል እያለ የሚቈጥር ሰው ከጠፋ፥ ባለ መብቱ ባዶ እጁን ይቀራል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ በ1950ዎቹ ዓመታት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ካጠና በኋላ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ገልጦታል።

እንግዲህ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ጕልበቱ ቢደክም ዓይኑም ቢፈዝ፥ ደጁ ከእንግዳ አይለይም ነበር። ጐልማሳው ዘር ለማስቈጠር፥ ባላጋራውም ያንኑ ቈጠራ ለማፍረስ፥ ሁለቱም ወደ እርሱ ይመጣሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ወይም በዋርካው ጥላ ሥር ሽማግሎች ሲቀመጡ፥ በበቅሎም ተደግፎ ቢሆን ይደርሳል፤ እርሱ ካልደረሰ ነገሩ አይቈረጥም። በዚህ ላይ የሐሰት ምስክርነትም ወገን መለየትም እንደ ነበረ መደበቅ አይገባም። የርስት ሙግት ስንቱን ዘመድ ከዘመዱ እንዳጣላ፥ ስንቱንም ለደም እንዳደረሰ የጎጃም ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ሙግቱን አላወድስም፤ ሽማግሌውን ከቤቱ የሚያወጣው ኃይል ግን ያስገርመኛል።

ሌላው ኃይል የማኅበርና የሰንበቴ ነው። ማኅበር በየወሩ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ቀን በአባላቱ ቤት ይጠጣል። ሰንበቴም እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሰበሰባል፤ ዳቦውንና ጠላውን ያዘጋጁ ያቀርባሉ፥ ነዳያንም ከዚያው ይቀምሳሉ። የሁለቱም ምሰሶ «ተራ» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት። ዕድሜ ሰውን ከተራ አያወጣውም። አሮጊቲቱ ጋኑን ለማጠብ አቅም ቢያንሳት ምራትዋ ትጠምቅላታለች፤ ጌሾው ይህን ያህል ይሁን፥ ድፍድፉ በዚህ ቀን ይቅጠን የምትለው ግን እርስዋ ናት፤ ማኅበርተኛውም ጠጥቶ የሚመርቀው እርስዋን ነው። ጽዋውን ቆማ የምትረከብ ሴት፥ የሚመጣው ወር ሲደርስ በደኅና እንድትገኝለት የሚፈልጋት ጉባኤ እንዳለ ታውቃለች። ልጅም ዘመድም የሌላት ባልቴት ደግሞ ቆብ ደፍታ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትጠለላለች። በዚያም ብትሆን ጥጥ ትፈትላለች፥ ከምታገኘው ቍራሽ ለቆሎ ተማሪ ታካፍላለች። ያን ጎጆ የዛሬው የአረጋውያን ቤት አያት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚያ በኋላ ዘመን ተለወጠ። በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቅቆ ሸሸ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ አለፉ፤ ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ስፍራም ፍኖተ ሰላም ተባለ። በመንገዱ ዳር ከተሞች አደጉ፤ ትምህርት ቤትና ጽሕፈት ቤትም ተከተሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ አዘዘ። መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሕግ እንጀራን እንጂ ጠያቂን ሊያዝ አይችልም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ርስታችንን ሊነካ ነው ብሎ የጎጃም ገበሬ ባመፀ ጊዜ፥ ርስት በልቡ ምን ያህል እንደ ከበደ ታይቶ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 31/1967 የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው። መሬት የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ሆነ፤ ዘር የሚቈጥር ሰው አላስፈለገም። አዋጁ በሌላ ክፍለ ሀገር ለነበረው ጭሰኛ ታላቅ ነጻነት እንደ ነበረ አይካድም። በዳሞት ግን ማንም በኪሣራ መዝገብ ያላገባው አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም ትናንት ሁለት ባላጋራዎች በአንድ ጧት ደጁን የሚያንኳኩበት ሽማግሌ ነው። ምግቡ አልቀረበትም፥ ምራቱም አልጨከነችበትም፤ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ጠፋ።

የሚያስደንቀው ነገር፥ በማግሥቱ ዓመት፥ በፈረንጆች 1976፥ ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአሜሪካ አገር በኮኔክቲከት ካለ አንድ የአረጋውያን ቤት ያገኙትን ማሳተማቸው ነው። በአንደኛው ፎቅ ለሚኖሩት ኑሮአቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ተነገራቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚያጠጡትና የሚንከባከቡት ተክል ተሰጣቸው። በሁለተኛው ፎቅ ያሉትም ተክል ተሰጥቶአቸዋል፤ የሚያጠጡላቸው ግን አስታማሚዎቹ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ነቅተውና ደስ ብሎአቸው ተገኙ፤ ፊልም ለማየት ከክፍላቸው የሚወጡትም ከእነርሱ ወገን በዙ። የጌሾውን ልክ የምታዝዘው አሮጊት ይህን ብትሰማ፥ ሊቃውንቱ ይህን ለማወቅ ለምን ያን ያህል እንደ ደከሙ ሳትጠይቅ አትቀርም።

ዛሬ በአገራችንም እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረተው መቄዶንያ ብዙ አረጋውያንን ከጎዳና አንሥቶ አስጠልሎአል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፈረንጆች 1990 የአረጋውያን ቀን ብሎ የደነገገው ጥቅምት አንድም በእኛ ቈጠራ መስከረም 21 ላይ ሲውል፥ ከግሸን ማርያም በዓል ጋር ይገጥማል። ስለዚህ አሮጊቶቻችንን የቀኑን ክብር ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም።

የሚያስቸግረው ከበዓሉ በኋላ ያለው ዘወትር ቀን ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ሳይሠራ፥ ተራም ሳይደርሰው፥ የሌላውን ቡና ዕለት ዕለት መጠጣት ያፍራል፤ ኵርፍ ነው፥ ሰው አይወድም ይሉታል፤ እርሱ ግን ያፈረው ብድር ስላልመለሰ ነው። እኔ ብጠየቅ፥ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ ከአልጋው ቍጥር ጋር አብሮ መጻፍ ያለበት የተረኞች መዝገብ ነው እላለሁ፤ ቡናውን የምታፈላው፥ ምስሩን የምትለቅመው፥ ማዕዱን የሚባርከው፥ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን የሚያስታርቀው ማን እንደ ሆነ በስሙ ይጻፍ። መነሣት ለማይችለውም ማኅበር የቈየ መላ አለው። ታሞ የቀረውን ሰው ድርሻ በቅጠል ጠቅልለው ወደ ቤቱ ይልኩለታል፤ የሚወስደውም ልጅ ዳቦውን ካስቀመጠ በኋላ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ምርቃቱን ይጠብቃል፥ ያን ሳይቀበልም ወደ ማኅበሩ አይመለስም።