በኢትዮጵያ የሕፃናት ሞት፦ የቀነሰውና ያልቀነሰው

ከአምስት ዓመት በታች የሕፃናት ሞት የሚሰላው በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱትን በመቁጠር ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ይህ አሃዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 166፣ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ለለውጡ ክትባትና በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የበኩላቸውን አስተዋፅኦ አድርገዋል።

በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ጨቅላዎች ቁጥር ግን በዚያው ጊዜ የቀነሰው ከ49 ወደ 29 ነው። በመሆኑም ቀድሞ ከጠቅላላው ሞት 30 በመቶ ያህል የነበረው የጨቅላዎች ድርሻ ከ40 በመቶ በላይ ሆኗል። ዋነኞቹ መንስኤዎች ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ወቅት መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። እነዚህን ለመግታት በወሊድ ሰዓት የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይሁንና ከ2016ቱ ጥናት በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶው ብቻ ነበሩ።

የአካባቢ ልዩነቱም ሰፊ ነው። ይኸው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱትን በአዲስ አበባ 39፣ በአፋር 125 አድርጎ መዝግቧል። አገሮች እስከ 2030 ሊደርሱበት የተስማሙት ግብ ቢበዛ 25፣ ለጨቅላዎች ደግሞ 12 ነው።