ከደጀ ሰላም እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት

በዚህች አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የአካል ጉዳተኛ አድራሻ የታወቀ ነበር፤ ደጀ ሰላም። በየወሩ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም፣ ዓይነ ስውሩም፣ እግሩ የማይታዘዝለትም፣ ሥጋ ደዌ ጣቱን የቆረጠበትም ከቅጥሩ ሥር ይቀመጣል። ተሳላሚው ዳቦውን፣ ንፍሮውን፣ ኋላም ሳንቲሙን ይዘረጋል። በእስልምናው ወገንም የጁምዓ ቀን የመስጊዱ ደጃፍ፣ ዘካውና ሰደቃው ተመሳሳይ ጥላ ነበሩ። ይህን ሁሉ ኋላ ቀር ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን የዘመኑ ማኅበራዊ ዋስትና ይኸው ነበር፣ ቀኑም ቦታውም ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ጉድለቱ ሌላ ነው። ርዳታው የሚገኘው ሰጪው ባለበት እንጂ ተቀባዩ በሚኖርበት አልነበረም። መሄድ የማይችለው ሰው ወደ ርዳታው እንዲሄድ ይጠበቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪካችንን ስመለከት ሰጪው ሲለዋወጥ አያለሁ፤ መንገዱ ግን ብዙም አልተለወጠም።

አንድ የተለየ ቦታ ግን ነበር፤ የአብነት ትምህርት ቤት። ዜማውም ቅኔውም በቃል የሚጠና፣ በጆሮ የሚወርድ ስለሆነ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከባልንጀሮቹ እኩል ይቀመጣል፤ ከበረታም መሪጌታ ሆኖ ወንበር ይዘረጋል። የቆሎ ተማሪው ሁሉ ቁራሽ ለምኖ አዳሪ በመሆኑ ደግሞ በልመናውም ቢሆን ከማንም አይለይም። ቁርኣንን በቃላቸው ይዘው ለሌላው የሚያስቀሩ ዓይነ ስውራን ሓፊዞችም እንዲሁ ተከብረው ኖረዋል። ዛሬ አካቶ ትምህርት እያልን በአውደ ጥናት የምንወያይበትን ጉዳይ አባቶቻችን ሳያቅዱት ሠርተውት ነበር፣ የማስተማሪያው ዘዴ ራሱ ለዓይነ ስውሩ የተመቸ ነበርና። ያው ዘዴ ግን መስማት በተሳነው ልጅ ላይ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶበታል። ከዚህ የምንወርሰው ትምህርት ሰውን ከዕውቀት ያራቀው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ አሰጣጥም እንደነበር ነው፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ይህንን ማንም አላስታወሰም።

ርዳታው ከተቀባዩ መራቁን የሥጋ ደዌው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ያደርገዋል። ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ በየደጃፉ እያዜሙ የሚለምኑትን ላሊበላዎች፣ በሌላ ስማቸው ሐሚናዎች፣ አንባቢ ሳያውቃቸው አይቀርም። ዜማውን ከተዉ ደዌው ይይዛቸዋል የሚለው እምነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ወርዷል፤ ሕመሙ ያን ያህል ተፈርቶ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ካፑቺን ሚስዮናውያን በሐረር፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ደግሞ ሌሎች ሚስዮናውያን በአዲስ አበባ ዳር ለታማሚዎቹ መጠለያና ሕክምና ከፈቱ። የአዲስ አበባው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ሥፍራ ለመላው አፍሪካ ሥልጠና የሚሰጠው አለርት ተመሠረተ። ሕክምናው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለነበረ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ገጠር የመጣው ታማሚ ከአጥሩ ጥግ ጎጆ ቀለሰ፤ አገሩም አልተመለሰም። ልጆች ወለደ፣ የልጅ ልጅ አየ፤ መንደሩ ከተማ ሆነ። በ1970ዎቹ የተቀናጀው መድኃኒት መጥቶ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ ሲወርድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አዲሱ ታማሚ ቀዬውን ሳይለቅ መዳን ቻለ። በቀደሙት ታማሚዎችና በአዲሱ መካከል የሕመሙ ዓይነት አልተለወጠም፤ መድኃኒቱ ተሻሻለ፣ የሚሰጥበት ቦታም ቀረበ።

በትምህርቱ በኩል ይህ መቅረብ ዘግይቷል። በደምቢ ዶሎ በ1917 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካውያን ሚስዮናውያን የጀመሩት የዓይነ ስውራን ትምህርት በዘመናዊ መልኩ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ኋላ የሰበታው መርሐ ዕውራን፣ ባኮና ሻሸመኔ፣ መስማት ለተሳናቸው ደግሞ መካኒሳና ሆሳዕና ተከተሉ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጠበቆችን፣ መምህራንን፣ ሙዚቀኞችን አፍርተዋልና ውለታቸው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2017 እንደ ፈረንጆቹ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበለችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው በወሎ አማራ ሳይንት ነው። በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ስታጣ ፊደል የቆጠረችው ግን ሻሸመኔ ድረስ ተወስዳ ነው። ለእርሷ መንገዱ ተገኘላት። በዚያው ወረዳ፣ በዚያው ዘመን ዓይኑን ያጣ ሌላ ልጅ የት ቀረ ብለን መጠየቅ ግን የእኛ የወራሾቹ ዕዳ ነው።

መንግሥት ወደ ጉዳዩ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ከእርሱ የቀደሙት ደግሞ ራሳቸው አካል ጉዳተኞቹ ናቸው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመው በ1952 ዓ.ም. ነው። አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም የመንግሥት ድርጅት በትእዛዝ ቁጥር 70 የተመሠረተው ከዚያ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. ነበር። የትእዛዙን ትርጓሜ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አካል ጉዳተኛ የተባለው በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ራሱን መቻል ያቃተውና ጧሪ የሌለው ሰው ነው፤ በልጅነት ወይም በእርጅና ምክንያት ሠርቶ ማደር የማይችለውም በዚያው ተደምሯል። ሕጉ ያየው ድህነቱን እንጂ መብቱን አይደለም። ይህ የአንድ ዘመን ጉድለት ነው ብለን እንዳናልፈው፣ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ያነሣው ከአረጋውያንና ወላጅ ከሌላቸው ሕፃናት ጋር አጣምሮ፣ ያውም የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ነው። ሥርዓት ሁለት ጊዜ ተለውጦ፣ ደጀ ሰላሙ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ተገኘ።

በመካከሉ ያለፈው ደርግ ጉዳዩን ከጦርነቱ ጋር አያያዘው። በጦር ሜዳ አካላቸውን ላጡ ወታደሮች በደብረ ዘይት የጀግኖች አምባ ተሠራ፤ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ደግሞ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ቆመ። ጦርነት ሲመጣ ማዕከል ይከፈታል፣ ሰው ሠራሽ እግር ይታደላል፤ ጦርነቱ ሲረሳ በጀቱም ይረሳል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የተካሄደው ጦርነት ያስከተለው የአካል ጉዳት ይኸንኑ ምዕራፍ እንደገና ከፍቶታል። ሰው ሠራሽ እግር ደግሞ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ያልቃል፣ ይጠብባል፣ ልጅ ሲያድግ ይለወጣል። ስለዚህ ማዕከሉ በዘመቻ ሳይሆን በቋሚነት ሊኖር ይገባዋል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉ በእርግጥ ተራምዷል። አዋጅ ቁጥር 568 በሥራ ቅጥር ላይ አድልኦ ተፈጸመብኝ የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይጫንበት ክስ እንዲያቀርብ ፈቀደ፤ ማኅበሩም ስለ እርሱ መክሰስ ይችላል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 የአገር ሕግ ሆነ። ከ1963 ትርጓሜ ስንነሣ ይህ ረጅም ጉዞ ነው።

ሕጎቹ በወጡባቸው በእነዚያው ዓመታት ግን ሕግ እንዲከበር የሚጮኸው አንደበት ተለጎመ። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ አካል ጉዳተኞችም በክልከላው ውስጥ በስም ተጠቀሱ። ማኅበራቱ ድጋፍ ማከፋፈል ይችሉ ነበር፣ መጠየቅ ግን አይችሉም። ወይም ገንዘቡን፣ ወይም መብቱን ምረጡ የተባሉ ያህል ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት አለፈ። ዛሬ መወጣጫ የሌለው አዲስ ፎቅ ባየን ቁጥር ባለቤቱን ብቻ መውቀስ አይበቃም። አንቀጽ 36 በሥራ ላይ እንዲውል ሊወተውቱ የሚገባቸው ሰዎች በዚያ አሥር ዓመት የት ነበሩ ቢባል፣ መልሱ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው።

ከሕግ ሁሉ የቀደመው ጥያቄ ግን ቁጥሩ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከሕዝቡ ከመቶ 1 ገደማ ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ባወጡት ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ገደማው ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራል ብለዋል። ጦርነትና ድርቅ ያልተለያት አገር ከዓለም አማካይ ይህን ያህል ልትሻል አትችልም። ልዩነቱን የፈጠረው ከፊሉ የጥያቄው አቀራረብ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ጓዳችን ነው። ቆጣሪው ሲመጣ ልጁ እንዳይታይ በር ተዘግቶበታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸው ከኦቲዝም ጋር የሚኖር እናት ነበሩ፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ አደባባይ ወጥተው ያሰሙት ጥሪ ይኸው በር እንዲከፈት ነበር።

ታዲያ ዛሬ በአንድ የገጠር ወረዳ የሚኖር ቤተሰብ ድጋፍ ቢፈልግ ወዴት ይሂድ? ደግነቱ፣ ከጥንቱ ይልቅ የሚኬድባቸው በሮች በዝተዋል፤ ክፋቱ፣ በሮቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። በመዋቅሩ መሠረት የመጀመሪያው በር የወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ለሰው ሠራሽ አካልና ለተሽከርካሪ ወንበር ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ አሰላና አርባ ምንጭን በመሳሰሉ ከተሞች የአካል ተሐድሶ ማዕከላት አሉ፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለብዙዎቹ ሲያግዝ ቆይቷል። ብሬል ወይም የምልክት ቋንቋ የሚያስፈልገው ልጅ ቢኖር ቅርብ ያለው ጉድኝት ትምህርት ቤት የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል እንዳለው መጠየቅ ይገባል። መብት ሲጣስ የብሔራዊ ማኅበራቱ ቅርንጫፎች አሉ፤ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በክልል ከተሞች ጽሕፈት ቤቶች ከፍቷል። ኮሚሽኑ ለአካል ጉዳተኞች መብት ኮሚሽነር መድቧል፤ እዚህም ሹመቱ የአረጋውያንን ጉዳይ አብሮ መያዙን ሳይታዘቡ ማለፍ አይቻልም።

ሰው ከእነዚህ በሮች አንዱን አንኳኩቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ሌላው እንዳለ የሚነግረው የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ደግሞ ከባዶ መነሣት አያስፈልገንም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ባለሙያው ታማሚውን ሳይጠብቅ ወደ ገጠሩ እንዲወርድ ነበር። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በዚያው ሥፍራ ያደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶን ጀመረ፤ ሠራተኛው ቤት ለቤት ዞሮ ልጁን ያገኘዋል፣ እናቱን ያሠለጥናል፣ ወደ ሆስፒታሉም ወደ ትምህርት ቤቱም ያገናኛል። በእኔ ግምት በዚህ ሁሉ ታሪካችን የደጀ ሰላሙን መንገድ በትክክል የገለበጠው ሥራ ይኸኛው ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል፤ በየሰፈሩም ማን እንደታመመና ማን እንደተቸገረ ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ እድር አለ። እድሩ የሚያውቀውን ሠራተኛዋ ብትመዘግብ፣ የተመዘገበው ለወረዳው ቢደርስ፣ ወረዳውም ቅርቡን ማዕከልና ማኅበር በስምና በስልክ ይዞ ቢቀመጥ፣ ይህ አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ አንድ ቀን ግን ቆጣሪው ደጃችን ይቆማል። ለወረዳው የሚመደበው በጀት፣ ለትምህርት ቤቱ የሚላከው ብሬል፣ ለማዕከሉ የሚገዛው ቁሳቁስ የሚሰላው ያን ዕለት ከሚሞላው ቅጽ ነው። እስከዚያው የእድራችሁን ዳኛ ጠይቁ፤ በአባላቱ ቤት ከጓዳ ያልወጡ ስንት ናቸው? ቆጣሪው በመጣ ቀን ደግሞ ልጃችሁን አስመዝግቡ።