የወርዋሪ ክንድ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፤ ስለ ሥልጠናውና ስለ ጥበቃው

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ገዢዎች የትውልድ ሐረግና ስለ ዘመቻ ነው። ከነጋሲ ክርስቶስ ዠምሮ የሸዋ መሳፍንት መነሻ መንዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጦሩን የወረወረው ክንድ ግን እንዴት እንደ ሠለጠነ፣ ከጉዳትስ በምን ይጠበቅ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የሥልጠናውን ደረጃ እንመልከት። እረኛው ልጅ ወንጭፍ ይወነጭፋል፤ በነሐሴም ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ያጮኻል። ከፍ ሲል በገና ሰሞን በገና ዱላ ሩሩን ይመታል። ፈረስ ያገኘው ጎረምሳ በመስቀልና በጥምቀት ጉግስ ይጫወታል፤ ይኸውም አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸውም በጋሻ ይመክታል። ጦር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ክንዱ ከቀላል ጠጠር ወደ ዘንግ፣ ከዘንግ ወደ ጦር በዕድሜ ልክ ይሸጋገር ነበር ማለት ነው።

የቀረውን የሰውነት ክፍል ያጠነከረው ሥራው ነው። ሞፈር መጫን፣ ቁልቁለትና ዳገት መውጣትና መውረድ፣ በአውድማ ላይ በመንሽ ማዝራት እግርን፣ ወገብንና ትከሻን በአንድነት ያሠራሉ። ይህም ለውርወራ ዋና ነገር ነው። በአሜሪካን አገር ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ኳስ ወርዋሪዎችን የመረመሩ ሊቃውንት እንዳስረዱት፣ ኃይሉ ከእግር ተነሥቶ በወገብና በደረት አልፎ ትከሻ ይደርሳል፤ ክንድ የኃይሉ ማለፊያ እንጂ ዋና ምንጩ አይደለም። በሠለጠነ ወርዋሪ ዘንድ ትከሻው የሚዞርበት ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 7,000 ዲግሪ ይደርሳል። ኳሱ ከእጅ ሲወጣ ይህን ፍጥነት የሚገቱት በትከሻ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። እነርሱ ከደከሙ ጉዳቱ በትከሻና በክርን ላይ ይወድቃል። የጉግስ ፈረሰኛ ምድርን ረግጦ ለመግፋት አይችልም፤ በጥንቱ ልማድ እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ነበር። ስለዚህ ኃይሉን ከፈረሱ ሩጫና ከወገቡ ጥምዘዛ መውሰድ ግድ ይሆንበታል።

ጉዳቱ የቤዝቦል ብቻ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዋሪስ የተባለ ሐኪም የክርን ጉዳትን በጦር ወርዋሪዎች ላይ ገልጾ ጽፏል። በ1974 ደግሞ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ቶሚ ጆን የተባለውን ኳስ ወርዋሪ፣ በክርኑ ውስጠኛ ወገን የተበጠሰውን ጅማት ከሌላው ክንዱ በወሰዱት ጅማት ጠገኑለት፤ በ1976ም ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ነገር ግን ከጥገናው መከላከል ስለሚሻል በ2007 የአሜሪካ የልጆች ቤዝቦል ማኅበር የውርወራውን ቁጥር ወሰነ፤ ዕድሜው 11 ወይም 12 የሆነ ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ እንዳያልፍ ተደነገገ።

በአገራችን ይህን ወሰን በከፊል ያበጀው የበዓል አቆጣጠር ነው። ቡሄ፣ መስቀል፣ ገናና ጥምቀት እየራቁ ስለሚመጡ ከጨዋታ እስከ ጨዋታ ክንዱ ያርፋል። ሆኖም ይህን አይተን አባቶቻችን ሁሉን አስቀድመው ያውቁ ነበር ብለን መደምደም አይገባንም። በጀማ ሸለቆ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቀው፣ በደጋውም ገብሱን ከጭላዳ የሚከላከለው ልጅ አዝመራው እስኪነሣ ድረስ በየቀኑ ይወነጭፋል። ለጨዋታው ወሰን ነበረው፤ ለሥራው ግን አልነበረውም። ትከሻ ሲወልቅ ወጌሻ ይጠራል፤ እርሱም አሽቶ ይመልሰዋል፣ ያስረዋል። ይህ ግን ከጉዳት በኋላ የሚደረግ ረድኤት ነው። የመከላከሉን ነገር ልማድ በአጋጣሚ ሠራው እንጂ ደንብ አልሆነም።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ የብዙው ሠራዊት መሣሪያ ሆኖ ነበር። ጦርና ጎራዴ ወዲያው ባይቀሩም ከዚያ ወዲህ ውርወራ የወታደር ዋና ሙያ መሆኑ እየቀረ ሄደ። ዛሬ የጦር ውርወራ የአትሌቲክስ ውድድር ነው። የዛሬው ተማሪ ግን የወንጭፉንም የመንሹንም ልምምድ ሳያገኝ ጦሩን በድንገት ይጨብጣል። ስለዚህ በልማድ የተገኘው ነገር አሁን በዕውቀት መተካት አለበት፤ ይኸውም አስቀድሞ እግርን፣ ወገብንና የትከሻን ጀርባ ማጠንከር፣ ከቀላል ወደ ከባድ መሸጋገር፣ ውርወራውን መቁጠር፣ ሕመም ሲሰማ ማቆም ነው።

ባልንጀሮቻችን ተማሪዎችም ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ከሽማግሌዎች የትውልድ ሐረግ ብቻ እንዳይጠይቁ እናሳስባለን። በስንት ዓመታቸው ወንጭፍ እንደ ያዙ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደ ወነጨፉ፣ ክንዳቸው ሲታመም ምን እንዳደረጉ ቢጠይቁ፣ በዜና መዋዕል ያልተጻፈውን የሕዝቡን ታሪክ ያድናሉ፤ ለአሰልጣኙም የሚጠቅም ነገር ያመጣሉ።