የበረዶው አገር ፖስተኛና የመታሰቢያው ጉዞ

ፈረስ፣ በቅሎና ግመል በሌላው ዓለም ለፖስታ ሥራ የሰጡትን አገልግሎት፣ በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ምድር የሰጠው ውሻ ነው። በዚያ አገር ደብዳቤ የሚጓዘው፣ ተርታ የተጠመዱ ውሾች በሚስቡት መንኰራኵር በሌለው ተንሸራታች ነበር። የሰሜን ነባር ሕዝቦች ይህን ጥበብ መጤዎቹ ሳይደርሱ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

በ1896 በአውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በክሎንዳይክ ወርቅ በተገኘ ጊዜ፣ ብዙ ሺሕ ሰው ወደ ዩኮን ወንዝ ጐረፈ። በካናዳ በኩል ዶውሰን ሲቲ፣ ከወሰኑ ማዶ በአላስካ ኢግል የተባሉት ከተሞች ተቈረቈሩ። በብርዱ ወራት ወንዙ ሲረጋ መርከብ ይቆማል፤ የረጋው ወንዝም ራሱ ጐዳና ይሆናል።

በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ1910 እስከ 1949 ድረስ ፖስታ ያመላለሰው ፐርሲ ዴዎልፍ የተባለ ሰው ነው። በረዶው ሲቀልጥ በጀልባ፣ ሲረጋ በውሻና በፈረስ ይጓዝ ነበር። በአንድ ወቅት በረዶው ከሥሩ ተሰብሮ ፈረሶቹ ሲሰጥሙ፣ እርሱ የፖስታውን ከረጢት እንዳዳነ ይነገርለታል። ስለዚህም የአገሩ ሰው «የሰሜን የብረት ሰው» ብሎ ሰየመው፤ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛም የብር ሜዳይ ሸለሙት።

ይሁን እንጂ ዘመን ዘመንን ይሽራል። በ1924 ካርል ቤን አይልሰን ፖስታ በአውሮፕላን ጭኖ ከፌርባንክስ ወደ ማክግራዝ ሲበር፣ ውሾች ሳምንታት የሚፈጁበትን መንገድ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፈጸመው። በ1963ም በአላስካ የሴንት ሎውረንስ ደሴት የመጨረሻው የአሜሪካ የውሻ ፖስታ መስመር ተቋረጠ።

የፐርሲ ዴዎልፍ መታሰቢያ ውድድር የተጀመረው በ1977 ነው። ከዶውሰን ወደ ኢግል ደርሶ መልሱ 338 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ተወዳዳሪው በተንሸራታቹ ላይ በማኅተም የታተሙ የመታሰቢያ ደብዳቤዎች ይጭናል።

ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የሚደረገው ዝግጅት የሚጀመረው በረዶ ሳይወርድ ነው። በመከር ወራት ውሾቹ ባለመንኰራኵር ጋሪ እየሳቡ፣ ርቀታቸው ቀስ በቀስ ይጨመርላቸዋል። በረጅም ጉዞ አንድ ውሻ በቀን እስከ 10,000 ካሎሪ ሊፈልግ ስለሚችል፣ ስብ የበዛበት ምግብ አስቀድሞ ይሰናዳል። መዳፋቸው በበረዶ እንዳይቈስል ትንንሽ የጨርቅ ጫማ ይሰፋላቸዋል። ከፊት የሚጠመደው መሪ ውሻ በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ትእዛዝ በመስማቱና በአስተዋይነቱ ይመረጣል። ሰውየውም መጥረቢያ፣ የበረዶ መራመጃ ጫማ፣ የመኝታ ከረጢትና የውሾቹን ምግብ የሚያሞቅበት ምድጃ ያሰናዳል። የእንስሳት ሐኪምም ውሾቹን ይመረምራል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የደብዳቤው ጥቅል ይጫናል። በክብደት ከዕቃው ሁሉ ቢያንስም፣ ጉዞውን መታሰቢያ የሚያሰኘው እርሱ ነው። ጥቅሉ ቢወጣ የሚቀረው የፍጥነት ግጥሚያ ብቻ ነው፤ ለፍጥነትማ አውሮፕላን ውሻን ከቀደመው መቶ ዓመት አልፏል። የቀድሞው ፖስተኛ ይመሰገን የነበረው ፈጥኖ በመድረሱ ሳይሆን፣ በተቀጠረው ቀን ተነሥቶ የሰው አደራ ሳያጐድል በማድረሱ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ያገራችን ብሂል ለእርሱም ይስማማዋል።

እንግዲህ ለመታሰቢያው ጉዞ የሚሰናዳ ሰው፣ ውሾቹን ከማሠልጠኑ ጋር ራሱንም ማሠልጠን አለበት። ሽልማቱ ሲቃረብ የደከመ ውሻ ቢያይ ቆሞ ሊያሳርፈው፣ ማዕበል ቢነሣም ከቀዳሚነቱ ይልቅ የተቀበለውን ጥቅል ሊጠብቅ ይገባዋል። የቀደሙት ሰዎች መንገድ የሚታወሰው አሻራቸውን በመርገጥ ብቻ አይደለም፤ ያከበሩትን በማክበር ጭምር ነው።