ስልክና መኪና በአራዳ፦ ስላልተገናኙ ሁለት እንግዶች



ዛሬ የምናገረው በአራዳ ስላልሆነ አንድ ነገር ነው። የታሪክ ሰው ስላልሆነ ነገር መናገር አይወድም፤ የሚጠቅሰው ሰነድ የለውምና። ሆኖም ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪዬ የአሮጌ የስፖርት መኪና ፎቶግራፍ አሳየኝ። በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል እንደ ቤት ስልክ ያለ ጥቁር መነጋገሪያ ተሰክቷል። «ይህ ዓይነቱ ወደ ፒያሳ የመጣው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «አልመጣም» ብዬ መለስኩለት። ለምን እንዳልመጣ ግን በዚያን ቀን አልነገርኩትም፤ ይህ ንግግር የዘገየ መልሴ ነው።

ሁለቱም እንግዶች ወደዚህች ከተማ የገቡት በአንድ ንጉሥ ዘመን ነው። ስልኩ ቀደመ። በኋላ ራስ የሆኑት ደጃዝማች መኰንን ከውጫሌ ውል በኋላ ወደ ኢጣልያ ተልከው ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደመጡ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ቤተ መንግሥቱን ከግምጃ ቤቱ ጋር እንዳገናኙበት ይነገራል። ሰው ሳይታይ ድምፅ ሲሰማ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ የሚለውን ታሪክ ሁላችንም እየሳቅን እንጠቅሰዋለን። እኔ ግን ሳቁን አልወደውም። አካል የሌለው ድምፅ ትእዛዝ ሲሰጥ «ማን ነው የሚናገረው?» ብሎ መጠየቅ ጤነኛ ጥያቄ ነው። ከ1889 እስከ 1891 ዓ.ም. ገደማ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ሲዘረጋም የንጉሡ ዋና ፍላጎት ከሹማምንቱ ጋር መነጋገር ነበር። ከጊዮርጊስ በታች በአራዳ ገበያ የሚውለው ነጋዴ ስለ ዋጋ የሚሰማው እንደ ቀድሞው ከሲራራ መንገደኛ ነው። ስልክ በአገራችን የተወለደው የአዛዥ ዕቃ ሆኖ ነው፤ ይህን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መኪናው የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል መንገድ በሌለበት አገር እየገፋ፣ እያስጎተተ አዲስ አበባ አገባት፤ ክሊፎርድ ሃሌም በኋላ ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። የከተማው ሰው ግን በእንፋሎት ለሚሄድ ብረት አዲስ አልነበረም፤ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስመጣውን የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰይሞት ነበር።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። ንጉሡ የሞተርን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ከላኳቸው ሰዎች አንዱ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ናቸው። ተሰማ ግን ጨዋታና ቅኔ አዋቂ ነበሩና በርሊን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላዎች የሚባሉት እነዚያ ናቸው። ለመኪና የተላከ ሰው ድምፅ ይዞ ተመለሰ! መኪናና ከርቀት የሚሰማ ድምፅ በታሪካችን የተቀራረቡበትን ጊዜ ብጠየቅ የምጠቅሰው ይህንን ነው።

የመኪና ስልክ እንደ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። መሣሪያው 36 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ሁለት ሰው ብቻ በምታስቀምጥ፣ የዕቃ ቦታዋ ለአንድ ሻንጣ በማይበቃ የስፖርት መኪና ውስጥ ይህን መጫን ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። ፍጥነት ለማግኘት በግራም የተቀነሰው ክብደት ለመነጋገሪያ ሲባል በኪሎ ይመለሳል፤ ባትሪውም በየጥሪው ይዳከማል። ስለዚህ ስልኩ ከጥቅሙ ይልቅ የባለቤቱን ማንነት ይናገር ነበር።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ብዙ ሰው «ድሀ ስለሆንን ነው» ይላል። መልሱ ውሸት አይደለም፣ ግን ሰነፍ ነው፤ በፒያሳ ውድ መኪና የሚነዳ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ዋናው ምክንያት በመሣሪያው አሠራር ውስጥ አለ። የመኪና ስልክ በአየር የሚሄደው እስከ ቅርቡ ጣቢያ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በኦፕሬተር እጅ ወደ ተራው የሽቦ መረብ ይገባል። በየቤቱና በየሱቁ ስልክ በሌለበት ከተማ የመኪና ስልክ የሚደውልለት ሰው የለውም። በአዲስ አበባ ደግሞ የቤት ስልክ ለማስገባት ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነበር። ቀደም ሲል አስታውሱልኝ ያልኳችሁ ይህ ነው፤ ለአዛዥ የተዘረጋ መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት አይሻገርም።

ቃሉም ይመሰክራል። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ «መኪና» ደግሞ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ሽቦ የሌለው ስልክ ሲመጣ የከተማችን ሰው ምን ብሎ እንደሰየመው ታውቃላችሁ፤ «ነፋስ ስልክ»። በደቡብ በኩል የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ በመተከሉ ሰፈሩ በዚሁ ስም ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ንጉሠ ነገሥቱ ከአቃቂ ጣቢያ በሬዲዮ ድምፃቸውን ሲያሰሙ አሳቡ ለሕዝቡ እንግዳ አልነበረም። ቋንቋችን ለመኪና ስልክ የሚሆን ስም አዘጋጅቶ ዕቃውን ሲጠብቅ ኖረ፤ ዕቃው ሳይመጣ ስሙ የታክሲ ረዳት መጣሪያ ሆነ።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በእጅ የሚያዝ ሆኖ ነበር። «ኢትዮጵያ አንዱን ደረጃ ዘለለችው» እየተባለ በኩራት ይነገራል። ይህን አባባል ስሰማ ይከፋኛል። መዝለል የሚባለው መንገዱ ክፍት ሆኖለት፣ አውቆ ላለፈ ሰው ነው። በሩ ፊት ወረፋ ይዞ የኖረውን፣ የእናቱን ሞት በሰው አፍ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የሰማውን ሰው «ዘለልክ» ብንለው ያ የጥበቃ ዘመን ከታሪክ መዝገብ ይሰረዛል።

አሜሪካ የአናሎግ መረቦቿን እ.ኤ.አ. በ2008 ስትዘጋ በአሮጌዎቹ የስፖርት መኪኖች ውስጥ የቀሩት ስልኮች ድምፅ አልባ ጌጥ ሆኑ። በእኛ ዘንድ ስልክና መኪና በአንድ አንቀጽ ተገናኝተው ያነበብኳቸው በ2003 ዓ.ም. በወጣው የትራፊክ ደንብ ውስጥ ነው፤ እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ መነጋገር ያስቀጣል። ተማሪዬም ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲህ መጥቷል ማለት ነው፤ በጥፋት መልክ» አለኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።